ሶብር ማለት ዝምታ ነውን?

ለመሆኑ ሕመምን በመድኃኒት ማስታገስ ከሶብር ያጎድላልን? ይህን ጥያቄ የማነሳው በራሴ እግር ላይ ስለደረሰ ነው።

የስኳር በሽታ ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። በሽታው የእግሬን ነርቮች ስለጎዳ፣ ሌሊት ሲሆን ፍም የረገጥኩ ያህል ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያመኛል። የተለመደው የራስ ምታት ክኒን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እምብዛም አይፈይድም። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ። መድኃኒቱ በመጀመሪያ የታወቀው ለድብርት ነው፤ በአነስተኛ መጠን ሲወሰድ ግን የተጎዳው ነርቭ የሚያሰማውን ጩኸት ያበርዳል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለውጡም እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ነርቩን ግን አያድንም፤ ለዚያ ስኳርን መቆጣጠር ያስፈልጋል። እኔም «የድብርት መድኃኒት ይውጣል» እንዳልባል ብልቃጡን ከሰው ስደብቅ ኖሬያለሁ።

አንድ ኅዳር ዘመድ ጥየቃ ወደ እስቴ ሄጄ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከአጎቴ ቤት አደርኩ። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ቁር እግርህን ከጋቢ ታወጣለህ?» አሉኝ። ሕመሜን ነገርኳቸው፤ ክኒኑንም አሳየኋቸው። «አላህ ያሽርህ። እኔንም እንዲሁ ስንት ዓመት ሲያቃጥለኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር ሶብር አደረግኩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ለቀቀኝ» አሉኝ።

ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውስጥ እግራቸውን አየሁት። ጥልቅ ቁስል አለበት፤ እሳቸው ግን አያውቁትም። ሕመሙ የለቀቃቸው ድነው ሳይሆን ነርቩ ስለደነዘዘ ነበር። ደብረ ታቦር ወስጃቸው ሲመረመሩ ስኳር ተገኘባቸው፤ አንድ ጣታቸውም ተቆረጠ።

እኚህን ደግ ሰው ማን አሳሳታቸው? ሶብርንና ዝምታን አንድ አድርገን የምንናገር እኛው ነን። የሶብር አርአያ የሆኑት ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው መናገራቸውን ቁርአን ይነግረናል፤ ይህም ሆኖ አላህ (ሱ.ወ.) በሶብረኝነታቸው አወድሷቸዋል። ፈውሳቸውም ያለ ሰበብ አልመጣም፤ ምድርን በእግራቸው እንዲመቱ ታዘው ቀዝቃዛ ውሃ ፈለቀላቸው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዲታከሙ አዘዋል።

ሕመም መልእክተኛ ነው። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሲያክማቸው የኖሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ብዙዎቹ ጣቶቻቸውን ያጡት ነርቫቸው ስለሞተ፣ ቃጠሎውና ቁስሉ ሳይሰማቸው ነው። እንግዲህ መልእክተኛውን ሳይሰሙ ማባረር ጥፋት ነው። መልእክቱ ተሰምቶ፣ ምርመራው ተደርጎ፣ ጩኸቱ ግን አልቆም ሲል በመድኃኒት ማብረድ ምን ነውር አለበት? ሌሊቱን በስቃይ የሚያነጋ ሰው ሶላቱንም ሥራውንም በወጉ መወጣት ይቸግረዋል። ሶብርስ ቢሆን ለታካሚ አይቀርለትም፤ ሳምንታት መጠበቅ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠኑን አለመጨመርና አለማቋረጥ፣ ከበሽታው ጋር ዕድሜ ልክ መኖር ሶብር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ውድ አንባቢያን፣ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እንዘጋጃለን። ስኳር ያለበት ወንድም ወይም እህት ውዱእ ሲያደርግ ውስጥ እግሩን ይመልከት፤ የውሃውን ሙቀት በክርኑ ይሞክር፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት ያድርቅ። «አመመኝ» የሚለንንም ሰው፣ ቁስሉ ስላልታየን ብቻ አንጠራጠረው።

ዛሬ አጎቴ ውዱእ ሲያደርጉ የልጅ ልጃቸው ውስጥ እግራቸውን ታይላቸዋለች። እኔም ብልቃጡን መደበቅ ትቻለሁ።

ወላሁ አዕለም።