መዝሙር ይሸጣል ወይ?



ድሮ መዝሙር ለማውጣት አዲስ አበባ ሄዶ የአሳታሚ ደጅ መጥናት ግድ ነበር። ዛሬ ጭሮ፣ ሂርና ወይም ገለምሶ ያለ ወጣት ላፕቶፕ፣ ማይክና ኪቦርድ ካገኘ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ራሱ ቀርጾና ራሱ አቀናብሮ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይለቃል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኤልያስ መልካን ጨምሮ የታወቁ ሙዚቀኞች አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ ሲያስጀምሩ፣ አድማጭ በስልኩ ከፍሎ ሥራዎችን መግዛት እንደሚችል በአገራችን ታየ።

በሩ ሲከፈት ጥያቄም አብሮ ገባ። አንድ ዘማሪ «መዝሙሬን የሚፈልግ ይግዛ» ቢል ጸጋን መሸጡ ነው ወይስ የላቡን መጠየቁ?

ይህ ጉዳይ በወጣቶች ጥናት ላይ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍሎች ይጠቀሳሉ። አድማጩ ማቴዎስ 10፥8ን ያነሳል፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያለ ዋጋ የተቀበሉትን ያለ ዋጋ እንዲሰጡ ያዘዘበትን። ዘማሪው ደግሞ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18ን ያነሳል፤ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው የተጻፈበትን። ሁለቱም ቃሉን በትክክል ጠቅሰዋል። ግን እስቲ አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ቃል የተነገረው ለሰጪው ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈው ለተቀባዩ፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ግን ተለዋውጠን ይዘናቸዋል። እያንዳንዳችን ለሌላው የተላከውን ደብዳቤ እያነበብን፣ ለራሳችን የተላከውን ሳንከፍት አስቀምጠናል።

ጌታ ራሱ በዚያው ንግግር ሁለት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ በማቴዎስ 10፥10፣ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ተናግሯል። ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም። ሰጪው እጁን ይዘረጋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። በ2ኛ ሳሙኤል 24 ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን ለንጉሥ ዳዊት በነጻ ሊሰጥ ፈለገ፤ ዳዊት ግን ምንም ያላስከፈለውን ነገር ለእግዚአብሔር አላቀርብም ብሎ በዋጋ ገዛ። ኦርና የሰጪውን፣ ዳዊት የተቀባዩን ድርሻ ተወጣ።

በእኛ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ መሬቱንም ዝናቡንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያውቃል። ቡናውን ገበያ ሲያወጣ ግን «ዝናቡን በነጻ ተቀብለሃልና ቡናውን በነጻ ስጥ» የሚለው የለም። ዘማሪም ድምፁን ከእግዚአብሔር ተቀበለ፤ ልምምዱ፣ የስቱዲዮው ክፍያ፣ የቅንብሩ ሌሊት፣ የኢንተርኔቱ ወጪ ግን የእርሱ ላብ ነው።

«ቡና ከተወሰደ ያልቃል፤ መዝሙር ግን ቢገለበጥ አይጎድልም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መዝሙሩ አይጎድልም። የሚጎድለው ቀጣዩ መዝሙር ነው። ነህምያ 13፥10ን አንብቡ። ሌዋውያንና መዘምራን ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ቤተ መቅደሱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄዱ። ነህምያም የወቀሰው የሄዱትን ሳይሆን ሹማምንቱን ነበር።

ታዲያ መዝሙርን ማካፈል ሁሉ ስርቆት ነው? አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ አማኝ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግታበት ሳለ፣ ለሰባት ዓመታት የታሰረውን የተስፋዬ ጋቢሶን መዝሙሮች የመሳሰሉት በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ ብዙዎችን አጽናንተዋል። የዚያን ዘመን አባዢ የሚጠብቀው ትርፍን ሳይሆን መታሰርን ነበር። ዛሬ ግን በየሱቁ አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ መቶ መዝሙር ሲጫን ገንዘቡን የሚቀበለው ጫኙ ነው፤ ዘማሪው ግን ስሙ እንኳ አይነሳም። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለራስ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ መገልበጥን ይፈቅዳል፤ አባዝቶ ማሰራጨትን ግን ለባለመብቱ ይተዋል።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 የወንጌል ሠራተኛ ከወንጌል ሊኖር መብት እንዳለው በብርቱ ከተከራከረ በኋላ፣ እርሱ ግን በመብቱ እንዳልተጠቀመ ይናገራል። መብትን መተው ክቡር ነገር ነው። ነገር ግን ሊተወው የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። የወንድማችንን መዝሙር በቴሌግራም ቻናላችን ለሺህ ሰው «በነጻ» ስንበትን ለጋሾች የሆንን ይመስለናል፤ በሌላ ሰው ላብ መለገስ ግን ልግስና አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ አንተ፣ ወደ አንቺ፣ ወደምትዘምሩት ልመለስ።

አንደኛ፣ የማይሸጠውን ለዩ። በሐዋርያት ሥራ 8 ሲሞን የተገሠጸው የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በመፈለጉ ነው። ድካማችሁን ሽጡ፤ በረከትን ግን አትሽጡ። «ይህን መዝሙር የገዛ ይባረካል» ብሎ ማስተዋወቅ የሲሞን መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ «እኔ በነጻ ነው የምለቀው» የምትሉም ራሳችሁን መርምሩ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል በተለመደው መንገድ ከሚጠይቃቸው መካከል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይገኙበታል። እዚያ ገዢው አስተዋዋቂው ነው፤ የሚሸጠውም የአድማጩ ዓይንና ጊዜ። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ለቁጥር ሲባል የተጋነነ ርዕስና የሚያለቅስ ሰው ፎቶ መለጠፍ ከተጀመረ፣ በግልጽ «ዋጋው ይህን ያህል ብር ነው» ያለው ዘማሪ ከእናንተ ይልቅ እውነተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ መዝሙሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ሰጠው? በኳየር ልምምድ፣ በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የተወለደ መዝሙር በአንድ ሰው ስም ሲለቀቅ ስንት ኳየር ተከፋፍሏል! ከመልቀቃችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ድርሻችሁን በወረቀት ጻፉ፤ የሁሉንም ስም ጥቀሱ።

አራተኛ፣ መክፈል የማይችለውን አስቡ። ብር የሌላት እናት መዝሙራችሁን ብትፈልግ በሩ ይዘጋባታል? ማቴዎስ 10፥8 የእናንተን ልብ የሚመረምረው እዚህ ላይ ነው። እርሷ ሳትጠይቅ እናንተ ስጡ።

እናንተ አድማጮችም 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18ን ለራሳችሁ አንብቡ። ከጭሮ ኳየራችሁ የወጣው ወጣት መዝሙሩን ሲሸጥ የመጀመሪያው ገዢ ማን ይሆናል? በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ክፈቱና በውስጡ ካሉት መዝሙሮች ስንቱ ከባለቤቱ እጅ እንደመጣ ቁጠሩ። በኅብረታችሁም በዚሁ ላይ ተወያዩ።

ጌታ ይባርካችሁ።