ልጅን መላክ፣ አደራን መጠበቅ



የመስቀል በዓል ሲደርስ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ጉንችሬና ወደ አካባቢዋ መንደሮች ይመለሳሉ፤ የተራራቀ ቤተሰብም ይገናኛል። በዓሉ አልፎ እንግዶቹ ሲነሡ ግን አብሮአቸው የሚሄድ ልጅ አይጠፋም። አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው በዘመድ ሱቅ ለማገልገል፣ ሌላውም በሊስትሮነት እንጀራውን ለመፈለግ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሄደው ለራሳቸውና ለወገናቸው የተረፉ ብዙዎች ናቸውና መሄድን ሁሉ አንነቅፍም። የሚያሳስበን የውሳኔው አኳኋን ነው። እናት ሳትጠየቅ፣ ልጁም ሳይሰማ፣ በእንግዳው ችኮላ በአንድ ማታ የሚቆረጥ ነገር የልጁን ዘመን ሁሉ ሊለውጥ ይችላልና።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 1 እና 2 ስለ ሐና ይነግረናል። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ልትሰጥ ተስላ ነበር፤ ሆኖም ጡት እስኪተው ድረስ ከቤትዋ አላወጣችውም። ባልዋ ሕልቃናም ጊዜውን እርስዋ እንድትመርጥ ተወላት። ቀኑ ሲደርስ ራስዋ ይዛው ወደ ሴሎ ወጣች፤ በካህኑ በዔሊ እጅም አኖረችው። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልብሱ በልኩ ይሆን ዘንድ እናት የልጅዋን ቁመት ማወቅ ይገባታል። ያ ቤት የእግዚአብሔር ቤት ነበረ፤ ነገር ግን የዔሊ ልጆች በደለኞች ነበሩ። እንግዲህ የዘመድ ቤት ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያንም ቤት ቢሆን፣ የወላጅ ዐይን የማያስፈልገው ቤት የለም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሮአል። ስለዚህ ካህኑም፣ መምህሩም፣ ባለጸጋው ዘመድም ምክር ይሰጣሉ እንጂ የወላጅን ሥፍራ አይወስዱም። ይሁን እንጂ ውሳኔው የወላጅ ነው ብለን ወላጆችን ብቻቸውን ብንተዋቸው ይህ ማክበር ሳይሆን ቸልተኝነት ይሆናል።

ታዲያ እንዴት እንርዳቸው? አስቀድመን ከበዓሉ በፊት ቤታቸው ሄደን፣ አባትና እናት አብረው እንዲመካከሩ እናድርግ። እነዚህንም ጥያቄዎች እናንሣ። ልጁ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ ስትሆን፣ የት ያድራል? ከማንስ ጋር? ትምህርት ቤት ይገባል ወይስ ለሥራ ብቻ ይፈለጋል? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ከቤቱ ጋር በየስንት ጊዜው ይነጋገራል? ነገሩ ባይሳካ ማን ይመልሰዋል? ልጁ ራሱስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክልም እንንገራቸው።

ደግሞም ልጅን የሚያስወጣው የደብተርና የልብስ እጦት ብቻ የሆነበት ቤት አለ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ምክር ብቻውን አይበቃውም። ዕድሩና ቁምስናው ተባብረው ያንን ጉድለት ቢሞሉለት ያን ጊዜ በእውነት የመምረጥ ነጻነት ያገኛል። ልጁ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ መምህሩ አድራሻውን ይመዝግብ፤ በሚሄድበት ከተማ ላለው ቁምስናም ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በሚቀጥለው መስቀል ልጁ መምጣት አለመምጣቱንም ይጠይቅ።

የሙሴ እኅት ሕፃኑ በወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ የሚሆነውን ለማየት በሩቅ ቆማ ነበር፤ የፈርዖን ልጅ ባገኘችውም ጊዜ ቀርባ የገዛ እናቱን ሞግዚት እንድትሆነው ጠራችለት (ዘጸ. 2፥4-8)። የወላጅን ሥፍራ አልያዘችም፤ ዐይኗንም ከልጁ አላነሣችም። የእኛም አገልግሎት ይህንኑ ይምሰል።

የናዝሬት ቅዱስ ቤተሰብ በቤት ያሉትንም በሩቅ ያሉትንም ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።