ልብሳችን የማን ነው?

ያለፈውን ዓመት በልብስ መለስ ብሎ ማየት የባለ ቁም ሣጥኖች ሥራ ብቻ ይመስለን ይሆናል። መሸንቲን በመሳሰሉ ከተሞች ግን አንዲቱ ነጠላ ዓመቱን ሙሉ ትናገራለች። ለቤተ ክርስቲያን ያጣፏታል፣ ለለቅሶ ይዘቀዝቋታል። ከዚህ በላይ «ስታይል» ከየት ይምጣ? ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ የፈትሉን ነጠላ ቋንቋ ግን የፋብሪካ ጨርቅ አልተካውም።

እንቁጣጣሽ አልፎ ጥር 11 ሲደርስ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ታዲያ ለዚያች ቀን ተበድራ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት ከንቱ ናት? እኔ አይመስለኝም። ከሰው እኩል ለመቆም የወጣ ገንዘብ ነው።

የሚከብደኝ ጥቁሩ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ጥቁር ትለብሳለች። ደግ ጎን አለው፤ አላፊ አግዳሚው ኀዘኗን ሳይጠይቅ ያውቅላታል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርግላታል። ግን ቀድማ ብታወልቀውስ? «እንዲህ ቶሎ ረሳችው!» ትባላለች። ወንዱም ጥቁር ይለብሳል፣ ጢሙን ያሳድጋል፤ ሲላጨው ግን ጠያቂው ጥቂት ነው። ለማጽናናት የተሰፋው ልብስ ለእሷ ሲሆን ወደ ጥበቃ ይዞራል። ግንቦት ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ለጥምቀት ነጭ ብታወጣ፣ ከግንቦት ጀምሮ ጣቱን እያጠፈ ወር የሚቆጥር አይጠፋም።