ዳዊት መድገም፣ ዘር መድገም

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቷን ያየችው ሮቤ፣ እኔ ቤት፣ በእኔ ስልክ ነው። እነሱ ቀበሌ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ስለሚውል ከሲናና በጠዋት ተነሥታ መጥታ ነበር። የ2015 ዓ.ም ፈተና ነው፤ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ የሆኑበት። እሷም ከብዙኃኑ ጋር ወደቀች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ዝም አለች። ቡናው ፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ላይ ስንደርስ፣ «አጎቴ፣ የሚያበረታ መጽሐፍ ካለህ ስጠኝ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ ደጋሚ መባሌ ነው» አለች።

ተነሥቼ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። መጽሐፍስ ሞልቶኛል። ግን መጽሐፍ ሰውን ያበረታል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ለራሴ እንኳን መመለስ አቃተኝ።

ዛሬ የሚያበረታ መጽሐፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው «አነቃቂ» የሚባለውን ነው። መንገድ ዳር ሸራ አንጥፈው መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ከፊት የሚደረድሩት እሱን ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነውና። ቃሉን ግን ልብ እንበለው። የሚነቃ የተኛ ሰው ነው። ይህች ልጅ መቼ ተኛች? ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ እናቷን አግዛ፣ ሌሊቱን በስልክ መብራት ስታጠና የከረመች ናት። እንቅልፍ ያጣን ሰው «ንቃ» ማለት ሕመሙን አለመጠየቅ ነው።

ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ። አነቃቂው መጽሐፍ ገና ከሽፋኑ ላይ ቃል ይገባል፤ ሕይወትህ ይለወጣል፣ ያሰብከው ይሳካል ይላል። አንባቢው እንደታዘዘው አድርጎ ሳይሳካለት ሲቀር መጽሐፉ አይጠየቅም። «በእውነት አላመንኩም ነበር፣ በደንብ አልፈለግሁም ነበር» እያለ ራሱን ይከሳል። አንድ ሸክም ይዞ የመጣው ሰው ሁለት ተሸክሞ ይመለሳል። እነዚህን መጻሕፍት አንብበው ከአልጋ የተነሡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልንቃቸውም። ግን መነሣት የአንድ ጠዋት ነገር ነው፤ ሰው የሚቸገረው በማግሥቱም፣ በሳምንቱም፣ በዓመቱም እንደገና መነሣት ሲኖርበት ነው።

አባቴ ጎባ ላይ፣ ከተማዋ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የኖረ ሰው ነው። በሕይወቱ ብዙ መጽሐፍ አላነበበም። ያለው አንድ ዳዊት ነበር። 150ውን መዝሙር እንደ ደንቡ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከፋፍሎ፣ እሑድ የነቢያቱን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን ጨምሮ፣ ሰኞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከሳኔቲ በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ጎሕ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ልጅ ሳለሁ «አባዬ ምን እያደረገ ነው?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ «እያነበበ ነው» ብላኝ አታውቅም። «ዳዊቱን እየደገመ ነው» ነበር መልሷ።

ለዚህ ንባብ አማርኛችን የመረጠው ግስ ይህ ነው። ዳዊት ይደገማል። ይኸው ግስ ደግሞ በሁሉ ቤት አለ። እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል «ድገም እንጂ» እንለዋለን፤ ዘፈኑ ደስ ያለው ሕዝብ «ይደገም!» ይላል። ክፍል የወደቀው ተማሪ «ደጋሚ» ተብሎ አንገቱን ይደፋል። ሰውን ማሰሪያ የሚባለው የቃል ተንኮልም «ድግምት» ነው። ክብርም፣ ግብዣም፣ ውርደትም፣ ጥፋትም ከአንድ ሥር በቅለዋል። ድግምት የሚሠራው ቃሉ ሳይገባው እየመላለሰ የሌላውን ልብ ለመያዝ ነው። «እችላለሁ፣ እችላለሁ» እያለ ጠዋትና ማታ በመስተዋት ፊት የሚቆም ወጣት የገዛ ልቡን በቃል ኃይል ሊያስር እየሞከረ እንደሆነ ይሰማኛል። ዳዊት ደጋሚው ግን ቃሉን አያዝዘውም፤ ራሱን ለቃሉ ያቀርባል። ትናንት ሳያስተውለው ያለፈው ቁጥር ዛሬ ይይዘዋል። መዝሙሩ ያው ነው፤ ከትናንት እስከ ዛሬ ልጅ ታሞበታል፣ ወንድም ሞቶበታል፣ ወይም ዕዳ ተከፍሎለታል።

የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርከጋርድ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተማትና ከሌሎቹ ሥራዎቹ ያነሰ በምትነበብ ትንሽ መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ነገር አንሥቷል፤ ርእሷም «ድግግሞሽ» እንደማለት ነው። ተራኪው አንድ ጊዜ የተደሰተበትን የበርሊን ጉዞ እንደገና ሊኖረው ሄዶ፣ የድሮው ማረፊያ ቤት፣ የድሮው ቴአትር፣ ሁሉም ባዶ ይሆንበታል። ያለፈውን እንዳለ መልሶ ማምጣት እንደማይቻል ይማራል። ኪርከጋርድ ማስታወስን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ፣ መድገምን ደግሞ ወደ ፊት የሚሄድ አድርጎ ይለያቸዋል። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ሳነብ ከበደኝ። የገባኝ የእህቴ ባል ማሳ ላይ ቆሜ ነው።

የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። በመጋቢት አካባቢ ተዘርቶ በክረምት የሚታጨደው «ገና» ይባላል፤ በነሐሴ አካባቢ ተዘርቶ በበጋ የሚታጨደው «ቦና»። ስማቸውን ያገኙት ከአጨዳቸው ወቅት ነው። አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ። ግን ገበሬው ሲደግም ያንኑ አይደግምም። በ2003 ዓ.ም አካባቢ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ ፈጀው። ብዙው ሰው ወደ «ዲገሉ» ዞረ። በ2006 ዓ.ም ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን በአርሲና በባሌ መታው። ያኔ የእህቴ ባል ማሳው ላይ ቆሞ አገዳውን በጣቱ ሲፈትግ ቡናማ ዱቄት ቀረበት። ምንም አላለም። በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ዘር ፈልጎ ዘራ። መሬቱ ያው፣ በሬው ያው፣ እጁ ያው፤ ዘሩ ሌላ። ያኔ ሰው እንዲያው ግትር ሆኖ መመላለሱና መድገሙ አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። የሚደግም ሰው የወደቀውን ነገር አይቶታል።

እንግዲህ መደርደሪያው ፊት ቆሜ የፈለግሁት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነበር፤ ቃል የማይገባ፣ ግን በተመለሱበት ቁጥር የሚያቀብለው የማያጣ። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ስማቸው የጎላ አይደለም። ዝነኛ መጽሐፍ ሳይከፈት ተነግሮ ያልቃል፤ ምን ሊሰማን እንደሚገባ አስቀድመው ይነግሩናል። ብዙ ያልተወራለት ግን ሳይታሰብ ከሰው ጋር ብቻውን ይገናኛል። ዳዊትን የሚያክል የታወቀ መጽሐፍ የለም የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው። ግን ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ለማንም የማይናገራት የራሱ መዝሙር አለችው።

ሐዲስ ዓለማየሁን ሁላችንም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እናውቃቸዋለን። «ትዝታ»ን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ጣልያንን ሲወጉ በ1929 ዓ.ም ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ተማርከው በባሕር ማዶ ደሴቶች ታስረው የኖሩ ሰው ያን ዘመን መልሰው የተረኩበት ነው። ለአንባቢ «በርታ» ለማለት የተጻፈ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ይናገራል። እኔን የሚደግፈኝም ይህ ዝግታው ነው፤ ያን ሁሉ ካየ ሰው ዘንድ ጩኸት አለመስማቴ።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» በ1915 ዓ.ም የታተመ ነው። ርእሱ ብቻውን የቀን ሙሉ ሐሳብ ይሆነኛል። በዚያች ቀን የእህቴ ልጅ ከሰው ሁሉ ይበልጥ የተጣላችው ከገዛ ልቧ ጋር ነበር፤ «ሰነፍ ነሽ» የሚላት እሱ ነበርና። ልቡን «ወዳጄ» ብሎ መጥራት የሚችል ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ኅሩይ ራሳቸው በ1931 ዓ.ም ከአገራቸው ርቀው እንግሊዝ ውስጥ፣ ባዝ ከተማ በስደት አረፉ።

ይበልጥ የምዘገየው ግን አስቴር ገኖ ላይ ነው። ልጅ ሳለች በባርነት ተሽጣ፣ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የዳነች ናት። ቤቷም አገሯም ተወስዶባት የቀራት በጆሮዋ የገባው ብቻ ነበር፤ የኦሮሞ ተረት፣ ዘፈን፣ ምሳሌያዊ አነጋገር። ይህን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈችው። እሷና እንደ እሷ ከባርነት የወጣው አናሲሞስ ነሲብ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ በግእዝ ፊደል ታተመ፤ ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች የታሰበ። ከአምስት ዓመት በኋላም የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ፤ አስቴር በእሱም ደክማበታለች። ከተወሰደችበት ቤት አንዲት ዕቃ እንኳን ያልያዘች ልጅ የእናቶቿን ቃል ደግማ መጽሐፍ አደረገችው። ይህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጽናት የሚሰብክ ገጽ ባይኖር ምን ይጎድለዋል? መኖሩ ራሱ ምስክር ነው።

ነቢይ መኮንንም አለ። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ከእስረኛ እጅ ያገኘውን የማርጋሬት ሚቸልን ግዙፍ ልብ ወለድ ሦስት ሺህ በሚያህሉ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ተርጉሞ ጨረሰው። ወረቀቶቹ በድብቅ ከእስር ቤት እየወጡ በየሰው እጅ ተበተኑ፤ ሲፈታ እነሱን አሰባስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳተመው። ስለ አሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ ታሪክ ማዕከላዊ ላለ ሰው ምን ይሆነዋል ብሎ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ያለው መተርጎሙ ላይ ይመስለኛል። ተርጓሚ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይኖረዋል፤ አንዴ በመጣበት ቋንቋ፣ አንዴ በራሱ። ነገ ይኑር አይኑር በማያውቅበት ክፍል ውስጥ ነገ የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ነበረው። የመጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን የጥንት አባባሎች በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አባ ሚካኤልም፣ በኋላ ያንን ለዘመናችን አንባቢ ያወጡት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነርም በዚሁ መስመር የቆሙ ናቸው።

መጽሐፍ ሁልጊዜም ወረቀት መሆን የለበትም። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት መንገደኞች ጫፉ እንደ መንታ ቅርንጫፍ የተከፈለውን በትር ይዘው፣ የሼኩን ውዳሴ በዜማ እየተቀባበሉ ሲያልፉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ያወጣል። ብዙ ቀን በእግር ለሚሄድ ሰው ያ ውዳሴ መጽሐፉም በትሩም ነው። የአባቴ ከንፈርና የእነሱ ጉሮሮ አንድ ሥራ ሲሠሩ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ ብዬ የምፈራው ነገር አለ። «በርታ» የሚለው ቃል የሌላውን ሸክም ሊያነሣለት የሚችል ሰው ሲናገረው ክፉ ይሆናል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም የባሌ ገበሬ በመሬቱና በግብሩ ምክንያት ሲያምፅ፣ ብርታት ለእሱ መታገሥ አልነበረም፤ እምቢ ማለት ነበር። ከመቶ ልጆች ወደ ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ ጥያቄው የልጆቹ ልብ ጥንካሬ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ስለ መምህሩ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ መጽሐፉ ቁጥር መጠየቅ አለብን። ለታመመ ሰው መድኃኒት፣ ለተራበ እህል ሳይሰጡ መጽሐፍ ማቀበል ነውር ነው። መጽሐፍ የሚችለው ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን፣ ማንም ሊያነሣለት የማይችለውን የሰውን ድርሻ አብሮት መያዝ ነው።

ለእህቴ ልጅ ያን ቀን «ትዝታ»ን ሰጠኋት። ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አላልኩም። በረካውን ጠጥታ ተሸክማው ሄደች።

ተመልሳ የመጣችው በመጋቢት ነው፤ አባቷ ለገና የሚዘራውን ዘር ሊገዛ ሮቤ ሲወጣ አብራው። መጽሐፉን መለሰችልኝ፤ ከመካከሉ ላይ ገጾቹ በእጅ ብዛት ለስልሰዋል። «ወዳጄ ልቤ»ን አንሥታ አገላበጠችውና በሻንጣዋ ከተተችው። በግል ተፈታኝነት ልትመዘገብ ፎቶግራፍና ወረቀቶቿን ይዛ ነበር። ደጅ ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ አግኝታት ሳመቻትና፣ «የኔ ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይ እትዬ፣ ደጋሚ ነኝ» አለቻት፤ ቀና ብላ። አባቷ የዘሩን ጆንያ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይጠብቃት ነበር።