ሚና የሚሰጥ ሰው

ልጆችን ተውኔት ለማጫወት ሁለተኛ ዲግሪ ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በፈገግታ ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የዋሪክ ዩኒቨርሲቲ በድራማና በቴያትር ትምህርት የማስተርስ መርሐ ግብር ከፍቶ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ መምህራንን ለብዙ ዓመታት ማስተማሩን የሚሰማ ሰው፣ ለሕክምና ወይም ለምሕንድስና ባሕር መሻገር የተገባ ሆኖ ሳለ ለጨዋታ ሲባል እንዲህ መድከም ቅንጦት መስሎ ይታየዋል። ጥያቄው ግን ሊናቅ አይገባውም። ከበስተጀርባው ፈላስፎችንና የቤተ ክርስቲያን አበውን ለረጅም ዘመን ያስጨነቀ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድን ሰው፣ ይልቁንም ገና በማደግ ላይ ያለን ልጅ፣ «አንተ አሁን እገሌን ሁን» ብሎ የሌላውን ጠባይና ድርጊት እንዲለብስ ማድረግ በሕሊናው ላይ ምን ያሳድራል? የሚለው ነው።

አፍላጦን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ በፍርሃት የተሞላ መልስ ሰጥቶአል። ከልጅነት ጀምሮ የሚዘወተር ማስመሰል በሰውነት፣ በድምፅና በአስተሳሰብ ላይ ሥር ሰድዶ ልማድ፣ ከዚያም ተፈጥሮ ይሆናል ባይ ነው። ስለዚህም ለከተማይቱ ጠባቂነት የሚታጩ ወጣቶች ጀግኖችንና ራሳቸውን የሚገዙ ጨዋዎችን ካልሆነ በቀር ክፉዎችንና ወራዶችን መስለው እንዳይጫወቱ ይከለክላል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በበኩሉ ስለ ተመልካቹ ፈራ። በካርታጎ ተማሪ ሳለ ቴያትር እጅግ ይወድ እንደነበረ፣ በመድረክ ላይ ለሚታየውም የሐሰት መከራ ያዝን እንደነበረ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ይተርካል። ያስጨነቀው ማዘኑ ብቻውን አልነበረም፤ ተመልካች እንዲረዳ ሳይጠራ እንዲያዝን ብቻ መጠራቱ፣ በኀዘኑም መደሰቱ ነበር። ከደጃፉ የተቀመጠውን ችግረኛ አልፎ ገብቶ በቴሌቪዥን ድራማ ፊት እንባውን የሚያፈስ ሰው ሁሉ ይህን ወቀሳ ሊያስብበት ይገባል።

ሁለቱም ፍርሃቶች እውነት አለባቸው። ይሁን እንጂ ክልከላ መፍትሔ አይሆንም፤ ልጅ ማንም ሳያዝዘው ሚና ይይዛልና። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ሕፃናትን የተመለከተ ይህን ያውቃል። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት ይሆናሉ፤ ታናሹም የታመመ ልጅ ሆኖ ይተኛል፤ «አባት» የተባለውም የገዛ አባቱን ቁጣ ሳይቀር አሳምሮ ያቀርባል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ጨዋታ ለሰው ልጅ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑን ጠቅሶ፣ የተዋናዮች ሙያ በልክና በአግባቡ እስከ ተያዘ ድረስ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ አስተምሮአል። እንግዲህ ጥያቄው ሚናውን ማን ይሰጣል፣ ልጁስ ከሚናው እንዴት ይመለሳል ወደሚል ይዞራል።

በዚህ ረገድ የወይዘሮ ዶሮቲ ሂዝኮትን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1926 በዮርክሽየር የተወለዱት እኒህ ሴት በ14 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በሽመና ፋብሪካ ሥራ ገቡ። የቴያትር ትምህርት ቤት ለመግባት በተነሡ ጊዜ የፋብሪካው አለቃ፣ ካልተሳካላቸው ሦስት የሽመና መኪናዎች እንደሚጠብቋቸው ነግሮአቸው ነበር ይባላል። አልተመለሱም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖራቸው በ1950 በኒውካስል መምህርት ሆኑ፤ እስከ 1986ም ድረስ ከብዙ አገሮች የመጡ መምህራንን በከፍተኛ ደረጃ አስተማሩ። (ዲግሪ ያልነበራቸው ሴት የዲግሪ ባለቤቶችን ማስተማራቸው፣ ዕውቀትና የምስክር ወረቀት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያስታውሰናል።)

በእርሳቸው ዘዴ ልጆች የተጻፈ ቃል አጥንተው ለወላጆች አያሳዩም። መምህርቱ ራሳቸው ሚና ይዘው ወደ ጨዋታው ይገባሉ፤ ልጆቹም በዚያ ውስጥ እንዲያስቡ፣ እንዲወስኑ፣ የውሳኔያቸውንም ፍሬ እንዲያዩ ያደርጋሉ። ቢቢሲ በ1971 ስለ ሥራቸው ባዘጋጀው ፊልም፣ በጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት የሚኖሩ ወንዶች ልጆች የጦር ምርኮኞች ሆነው ይታያሉ፤ ወይዘሮዋ የጠላት መኮንን ናቸው፤ ከምርኮኞቹም መካከል ለጠላት ወሬ የሚያቀብል አለ። አጥፊዎች ተብለው ከቤታቸው የተለዩ ልጆችን ስለ ታማኝነትና ስለ ክህደት እንዲያስቡ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። ወሳኙ ግን የሚከተለው ነው። መምህርቱ ባስፈለገ ጊዜ ጨዋታውን ያቆሙታል፤ መኮንንነታቸውን ትተው፣ ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ ከልጆቹ ጋር ይመረምራሉ፤ ከዚያም አብረው ይመለሳሉ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ዚምባርዶ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት እስር ቤት አስመስለው አዘጋጁ። 24 ወጣቶችን መርጠው በዕጣ ከፊሎቹን እስረኛ፣ ከፊሎቹን ዘበኛ አደረጉ። ሁለት ሳምንት እንዲቆይ የታሰበው ጥናት ከስድስት ቀን በኋላ ተቋረጠ፤ ዘበኞቹ እስረኞቹን ማዋረድ ጀምረው፣ ከእስረኞቹም አንዳንዶቹ በጭንቀት ተሰብረው ነበርና። ይህ ጥናት ሰው ከተሰጠው ሚና እንደማያመልጥ ማስረጃ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ፤ አፍላጦንም የረታ መሰለ። ኋላ ግን ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቲቦ ለ ቴክሲዬ መዛግብቱን መርምሮ፣ ዘበኞቹ እንዲጠነክሩ ከአዘጋጆቹ መመሪያና ግፊት ይደርሳቸው እንደነበረ በ2018 እና በ2019 ባሳተማቸው ሥራዎች አሳየ። ፕሮፌሰሩም ራሳቸው የእስር ቤቱን የበላይ ኃላፊ ሚና ይዘው ነበር፤ በዚያም ሚና መዋጣቸውን በኋላ ተናግረዋል። ለመቆሙ ምክንያት የሆነው ነገሩን ከውጭ መጥተው ያዩት ወጣቷ የሥነ ልቡና ምሁር ክሪስቲና ማስላክ ያሰሙት ተቃውሞ ነበር።

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም እስረኛና ጠባቂ አለ፤ በሁለቱም የበላዩ ሰው የባለ ሥልጣን ልብስ ለብሶአል። ነገር ግን አንደኛዋ ልብሱን ማውለቅ ያውቁ ነበር፤ ሌላው ረሱት። አፍላጦን አደጋውን በሚናው ውስጥ አየ፤ እኔ ግን ይልቁንም ሚናውን በሚሰጠው ሰው ዘንድ እንዳለ አምናለሁ። ልጅ ክፉን ሰው ቢጫወት፣ ያንን ክፋት መለስ ብሎ እንዲመረምረው የሚረዳው ሰው በአጠገቡ እስካለ ድረስ፣ ከብዙ ስብከት የማያገኘውን ያገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ግን ቅዱሳንን ብቻ መጫወት እንኳ አይጠቅመውም፤ ትሑት መስሎ መታየትን ለምዶ ይቀራልና።

የድኅረ ምረቃው ትምህርት ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጋቪን ቦልተን፣ መምህር ልጆችን ከስሜት ከመከለል ይልቅ ተጠብቀው ወደ ስሜቱ እንዲገቡ ማድረግ እንዳለበት ያሳስቡ ነበር። የዋሪኩ ጆ ዊንስተን ደግሞ በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቆዩ ተረቶች በድራማ አማካይነት ለግብረ ገብ ትምህርት እንዴት እንደሚያገለግሉ መርምረዋል። እኛ ዘንድ ተረቱ ገና ሳያልቅ ምክሩ ይጀመራል፤ በዚህ ሙያ የሠለጠነ መምህር ግን ይታገሣል። ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱን ብንወስድ፣ ልጆቹ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፤ ከባድ ውሳኔ የተደቀነበትን ሰው የሚጫወተው በመካከላቸው ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በግራና በቀኝ ያሉትም በዚያ ሰው ልብ የሚመላለሰውን አሳብ እየተቀባበሉ ይናገራሉ። ሕሊና ምን እንደ ሆነ ለአሥር ዓመት ልጅ በቃል ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ የዚህን ዋጋ ይረዳዋል።

ለአውጎስጢኖስ ወቀሳ መልስ የሞከረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል (1931–2009) ይመስለኛል። እርሱ «ፎረም» ባለው ቴያትር የአንድ ተበዳይ ታሪክ ይታያል፤ ከተመልካቾች አንዱ ጨዋታውን አስቁሞ ይወጣና የተበዳዩን ቦታ ይዞ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ተመልካቹ እንዲረዳ ተጠራ ማለት ነው። ቢሆንም በመድረክ ላይ መርዳት በመንገድ ላይ ከመርዳት ይቀላል፤ ይህን ክፍተት የሚደፍን ዩኒቨርሲቲ የለም።

ነገሩ ለካቴኪስቶቻችን ሩቅ አይደለም። የላቲን ሥርዓት በሚከተሉ ቁምስናዎች በሆሳዕና እሑድ የሕማማቱ ወንጌል በድርሻ ሲነበብ፣ ለምእመናን የሚደርሳቸው የከሳሾቹ ጩኸት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለልጆችዋ የንጹሓንን ሚና ብቻ አልሰጠችም። እኛ ግን የልደትን ተውኔት ስናዘጋጅ ማርያምን ለመልከ መልካሟ፣ መልአኩን ለታዛዡ፣ ሄሮድስን ለረባሹ ማደል ይቀናናል። ሰፈሩም ያንን ልጅ እስከ ከርሞ «ሄሮድስ» እያለ ይጠራዋል፤ ወደ ስሙ የመለሰው የለምና። ለመጪው ልደት የሚዘጋጅ ካቴኪስት ሄሮድስን ለምስጉኑ ልጅ ቢሰጥ፣ ረባሹን ከሰብአ ሰገል አንዱ ቢያደርገው፣ ተውኔቱም እንዳበቃ የሁሉንም ልብስ አስወልቆ፣ በክብ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን በጥምቀት ስሙ እየጠራ ንጉሡ የፈራው ምን እንደ ነበረ ቢጠይቃቸው፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት ነው።