ለአዲሷ ጎጆ፣ ስለ አምፖል

ልጄ፣ ቤት ስትይዢ ከመጋረጃውና ከምንጣፉ በፊት ቀና ብለሽ አምፖሎቹን እያቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሳይነሳ፣ ካርቱም አል-ጣኢፍ ስንኖር መብራት አስቀድመን ከፍለን ነበር የምንጠቀመው። የገዛነውን 20 አሃዝ ቆጣሪው ላይ እንመታለን፤ ከዚያ የቀረልንን የሚያሳየው ቁጥር ወደ ታች ሲወርድ እያየን እንከርማለን። ቆጠባን ያስተማረን ያ ቁጥር ነው።

ባለ 60 ሻማው አሮጌ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ሻማ ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ ነው የሚፈልገው። አራት አምፖል ብትቀይሪ በወር ከ30 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይተርፍሻል።

እንደ ካርቱም ባለ ሙቀት ደግሞ ኪሳራው ድርብ ነው። አሮጌው አምፖል ከሚወስደው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ግንቦት ላይ ውጭው ከ40 ዲግሪ አልፎ፣ አንቺ ጣሪያሽ ላይ ምድጃ ሰቅለሽ፣ እሱን ለማብረድ እንደገና ማቀዝቀዣ ታስነሻለሽ።

አገር ቤትም በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን፣ መብራት ኃይል አሮጌውን እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥምዝምዝ ቆጣቢ አምፖሎች አድሏል። ምሽት ላይ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያበራ የሚመጣውን ጫና ለማቅለል ነበር፤ መልካም ሥራ ነው እላለሁ። ከእነዚያ አንዱ ቤትሽ ካለ ግን ተጠንቀቂ፣ ውስጡ ትንሽ ሜርኩሪ አለ። ከተሰበረ ልጆቹን አስወጪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በመጥረጊያ አትጥረጊው። በጠንካራ ወረቀት ሰብስበሽ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አብሰሽ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ አሽጊው።

ስትገዢ ባለሱቁ በሚነግርሽ ሻማ ብቻ አትመኚ። ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን አንብቢ፤ ለሳሎን 800 ገደማ ይበቃል። ለመኝታ ቤት 2700 ኬልቪን የተጻፈበትን ቢጫማውን ውሰጂ፤ 6500 የሚለው ነጩ ለማድ ቤት ይሁን።

ምጣዱን ግን አትርሺ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጋለ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ፣ አንድ አምፖል ቀይረሽ በወር ያተረፍሽው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቂ ሊጥ አዘጋጂና የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ማጋል ጨርሺ። መጨረሻ ላይ ምጣዱን አጥፍተሽ በቀረው ግለት አንድ ሁለት እንጀራ ይወጣልሻል።