በደከመ መሬት ላይ የሚደረግ ትዕግሥት

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቍጥር 6 እስከ 9



ክረምቱ አልፎ መፀው ገብቷል። በአገራችን የዘመን አቈጣጠር መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው። ገበሬው የእህሉን መድረስ ሲጠባበቅ፥ እናቶቻችን ደግሞ በጓሮ ያለውን ጎመን፥ ቃሪያና ሽንኩርት ይመለከታሉ። ጓሮው ለም የሆነለት ሰው ደስ ይለዋል፤ የብዙዎቻችን ጓሮ ግን እንዲህ አይደለም። በወለጋ፥ በኢሉባቦርና በከፋ ደጋዎች ያለው ቀይ አፈር ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዝናም ኖራውንና ሌላውንም ምግብ ዓመት በዓመት እያጠበ ስለ ወሰደበት ኮምጥጧል። በእንደዚህ ያለ አፈር ፎስፎረስ የሚባለው ምግብ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ፥ በምድር ውስጥ እያለ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ተክሉም በማዕድ አጠገብ ተቀምጦ እንደሚራብ ሰው ይሆናል።

ጌታችን ስለ በለስዋ ምሳሌ የተናገረው በምን ጊዜ እንደ ሆነ እናስተውል። ሰዎች መጥተው ጲላጦስ ስለ ገደላቸው የገሊላ ሰዎች ነገሩት፤ እርሱም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች አነሣ። የሰዎቹ አሳብ ከማን ይልቅ ማን ኃጢአተኛ እንደ ነበረ ለመመዘን ነበር። ጌታ ግን ሚዛኑን ከእጃቸው ወስዶ ስለ አንዲት በለስ ይነግራቸው ጀመር። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ ፈልጎ አላገኘባትም፤ ስለዚህ እንድትቈረጥ አዘዘ። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ለመነላት።

አትክልተኛው የለመነው ጊዜን ብቻ አይደለም። ራሱን ለሥራ ግዴታ አስገባ፤ ዙሪያዋን ሊቈፍር፥ ፍግም ሊያፈስላት ቃል ገባ። ሥራ የሌለበት ትዕግሥት ስንፍና ነውና፥ በመፀው ጓሮው ቢታይ ይታወቃል። ዝናሙ ካቆመ በኋላ የመሬቱ ፊት ይደርቃል፤ እንደ ቅርፊትም ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ ያልተኰተኰተ መሬት ያጠጡትን ውኃ ወደ ጐን ያፈስሰዋል እንጂ ወደ ሥር አያወርደውም። የተኰተኰተውንም በሣርና በቅጠል ካልጐዘጐዙት ፀሐይ እርጥበቱን ይወስደዋል።

ፍጉስ ከወዴት ይመጣል? እንጨት በጠፋባቸው ደጋዎች እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ድስቱ ይበስላል፥ ጓሮው ግን ይራባል። ይህን የምታደርገውን እናት አንነቅፍም፤ ልጆቿን ጥሬ ልታበላ አትችልም። ነገር ግን ከምድጃዋ የሚወጣው አመድ እንኳ ብዙ ጊዜ በደጅ ይጣላል። የእንጨት አመድ ኮምጣጣውን አፈር የሚያለዝብ ነገር አለው፤ በልክ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ባቄላውና አተሩ ያመሰግናሉ። እነርሱም በሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ከአየር ናይትሮጅንን ተቀብለው ለመሬቱ ይተውለታል። አፈሩ እጅግ የኮመጠጠ ከሆነ ግን ይህን ሥራቸውን በደኅና ሊሠሩ አይችሉም፤ አስቀድሞ አመዱ ወይም ኖራው ያስፈልጋል።

ኅዳር 12 ቀን በየመንደሩ ጥራጊው ተሰብስቦ ይቃጠላል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታን መፍራት መልካም ነው፤ እኛ ግን ደረቁ ቅጠል ከቈሻሻው ተለይቶ ወደ ጕድጓድ ቢገባ እንወዳለን። ደረቅ ቅጠል፥ ለምለም አረም፥ ጥቂት እበትና አፈር እየተነባበረ፥ ውኃም እየተረጨበት፥ አልፎ አልፎም እየተገላበጠ ቢቀመጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቍር አፈር ይሆናል። ለሚመጣው ዝናም የሚሆን ፍግ በኅዳር ይጀመራል ማለት ነው።

ማርቲን ሉተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1526 ዓ.ም. ለወዳጁ ለስፓላቲን በጻፈው ደብዳቤ አትክልት መትከሉን ነግሮታል። ብዙ መጻሕፍት የጻፈው እጅ አፈር መንካትን አልናቀም።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችንና ወደ ማኅበራችን እናምጣው። በሽማግሌዎች ጉባኤ የአንድ ሰው ስም ይነሣል። ሦስት ዓመት ወደ ጌታ ማዕድ አልቀረበም፤ መጠጥ ይዞታል፤ ልጆቹንም ወደ ትምህርት አይልክም። ስሙ ከመዝገብ ይሰረዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ፥ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ቤቱን ስንት ጊዜ ጐብኝተናል? ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን ይሆናል? ያልተኰተኰተውን ተክል አላፈራም ብሎ መክሰስ ቀላል ነው። እንዲሁም እናት ስለ ኰብላይ ልጅዋ፥ ሚስት ስለ ባልዋ ትደክማለች፤ ከደከመችም በኋላ፥ አትጠብቂ፥ ተይው የሚላት ጐረቤት አይጠፋም።

ምሳሌን ከልኩ በላይ መዘርዘር አንወድም፤ ሆኖም ይህን መናገር ይገባናል። ቍፋሮው ያማል። ሕጉ የደነደነውን ልብ ይሰብራል፤ በዚያ ብቻ ቢቀር ግን ሥሩን ለፀሐይ ገልጦ መተው ይሆናል። ፍጉ መከተል አለበት። ደካማው መሬት ፍጉን ከራሱ አላወጣውም፤ ከሌላ ስፍራ ተሸክመው አመጡለት እንጂ። የክርስቶስም ጽድቅ ከእኛ ውስጥ የበቀለ አይደለም፤ ከውጭ መጥቶ ይሰጠናል፥ እኛም በእምነት እንቀበለዋለን። በዓለም ዓይን የተናቀው የመስቀሉ ቃል ሕይወት የሚሰጥ ሆኖ ተገኝቷል።

ደግሞም አትክልተኛው ፍርድን አልካደም። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ፍሬ ባይገኝባት ትቈረጥ ዘንድ ተስማምቷል። ስለዚህ በተሰጠን ዓመት ልንቀልድበት አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባለቤቱ እንዲቈርጣት ያዘዘው አትክልተኛውን ነበር፤ አትክልተኛው ሲመልስ ግን መቍረጡን ለባለቤቱ ተወለት። በእጁ ያስቀረው መቈፈሪያውንና ፍጉን ነው።

በዚህ ሳምንት ከጉባኤያችን የራቀውን አንዱን ሰው በስሙ ጠርተን እንጸልይለት፤ ከጸለይንም በኋላ ወደ ቤቱ እንሂድ። ባዶ እጃችንን መሄድ ካልወደድን ከጓሮአችን ጥቂት ጎመን ቈርጠን እንያዝለት።

ጌታ ሆይ፥ ለዚህ ወንድማችን ይህን ዓመት ጨምርለት፤ ለእኛም ወደ ደጁ የሚያደርሰንን ጕልበት ስጠን። አሜን።